ከወገብ በላይ

ጥቅምት 5 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለሚጢጢ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ? አናጢው አባትሽስ፣ ወገቡ ተሻለው ወይስ ዛሬም ሳንቃ እየተሸከመ «ምንም አላለኝም» ይላል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ደህና እንዳይመስልሽ። ይህን የምታነቢውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከእንግዲህ በመርፌው ይተዳደር። የማታ ትምህርቱን ሰኔ ላይ ጨርሼ ወረቀቴን ተቀብያለሁ፤ ከሠላሳ አንድ ሰው ሦስተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወጣቶች ስለሆኑ አልቆጥራቸውም።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ላልሽው፣ በስልክ ሳወራ ታቋርጪኛለሽ። «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ፣ ሰው መጣብኝ» ትይና ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም። አንቺም በወረቀት መልሺልኝ፤ ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤ ሲመጣልኝ እያየች ከወንበሯ ብድግ ማለት ጀምራለች።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ፎቶ ቤት ከከፈትሽ ሰባት ወርሽ፣ ጉርድ ፎቶ ብቻ ስታነሺ ከርመሽ አሁን ኅዳር ሰባት የመጀመሪያ ሰርግሽን ልታነሺ ነው። ፈርተሻል። ጥያቄውን ለሚመለከተው ሰው ነው ያቀረብሽው። በዚህ ከተማ ካገቡት ሰዎች ግማሹን ያነሳሁ እኔ ነኝ፤ ሌላው ግማሽ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

እንግዲህ ስሚ። ከሰርጉ አንድ ቀን ቀድመሽ ወደ ቦታው ሂጂ፤ በፈለግሽው ሰዓት ሳይሆን ሰርጉ በሚሆንበት ሰዓት። ብርሃን በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ የትኛው ግድግዳ ሰውን በሽተኛ እንደሚያስመስል እይ። መስኮቱ ፊት ሶፋ ገትረው ከሆነ ያኔውኑ አስነሺ። በሰርጉ ቀን ሶፋ የሚያነሳልሽ አይገኝም፤ ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሷል።

በየሰርጉ አንዲት የምታዝ አክስት አለች። ማን እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግሽም፣ ድምጿ ይነግርሻል። ሌላው ፎቶ አንሺ ከእሷ ጋር ይጣላል። አንቺ ገና ስትገቢ ሄደሽ ሰላም በያትና ያለ እርስዎ ይህን ሁሉ ሰው መሰብሰብ አልችልም በያት። ከዚያ በኋላ የጎደለ አጎት ቢኖር ከመጸዳጃ ቤትም ቢሆን ጎትታ ታመጣልሻለች። ቤተሰቡን ደግሞ ከምግብ በፊት አንሺ። ከምግብ በኋላ የወንዶቹ ሆድ ይወጣል፣ ክራባቱ ይላላል፣ ሴቶቹም ጫማቸውን ጠረጴዛ ስር አውልቀው አንዱን እግር ያጡታል።

ፈገግ በሉ አትበይ። ፈገግ በሉ ሲባል ሰው ጥርሱን ለሐኪም እንደሚያሳይ ነው የሚያሳየው። እኔ የምለውን ልስጥሽ፤ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ተሰልፈው ቀጥ ሲሉ ካሜራውን ዓይንሽ ላይ አድርገሽ፣ አንቺ ሳትስቂ፣ «በዚህ ቤት የሚያንኮራፋው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ሰው ይዞራል። እየሳቁ ወደ አንቺ ሲመለሱ ተጫኚ።

እጄ ይንቀጠቀጣል ላልሽው፣ ክርንሽን ጎንሽ ላይ ለጥፊ፤ ትንፋሽሽን ግማሹን አውጥተሽ ያዢው። የእኔ እጅ ከተወለድኩ ጀምሮ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ግን ለሚንቀጠቀጥባቸው እንዲህ እንደሚባል ሰምቻለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር። የአንድን ሰርግ ፎቶ ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ አታድርጊ፤ በሁለት ክፈዪው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ።

አጎትሽ፣ በከተማው ሰው አጠራር ጋሽ ፍላሽ


ጥቅምት 21 ቀን

ለጋሼ፣

ጤናዎን እንዲህ ሞቅ እንዳለ ያቆይልኝ። ደብዳቤዎን እናቴ ጮክ ብላ ለአባቴ አነበበችለት። ሁለቱ ወጣቶች አይቆጠሩም የሚለው ላይ ስትደርስ አባቴ መሮውን አስቀመጠና «መጻፍ ቻለ እንጂ አልተለወጠም» አለ። ወገቡ ምንም አላለውም።

አስከትለው በላኩት ሁለተኛ ደብዳቤዎ የጠየቁኝን ልመልስ። ሙሽራዋ ነርስ ናት፣ ሙሽራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ካሜራዬ ሰው የተገለገለበት ቢሆንም ጤነኛ ነው። ጫማዬ ተረከዝ የለውም። ቁርሴን በልቼ እሄዳለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂያት ብለውኝ ነበር፤ ጠየቅኳት። ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲሄድ ወር፣ ሲመጣ ሁለት ቀን ነው። ቤታቸው ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ እሱ መንገድ ላይ ሳለ የተነሱ ናቸው። እና «ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም፤ ከአባቴ ጋር አንድ ጥሩ ፎቶ ስጪኝ» አለችኝ። ለሰርጉ ሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቷል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ቦታውን ሄጄ አየሁት። ግቢው ጥሩ ጥላ አለው፣ አዳራሹ ግን ሶፋ ብቻ ሳይሆን ቁም ሣጥንም መስኮቱን ጋርዶታል። ስለ ማንኮራፋት የሚጠየቀውን በቤታችን ሞክሬው ነበር። አባቴ ወደ እናቴ፣ እናቴ ወደ አባቴ ጠቆሙ፤ እስከ እራት ድረስ ክርክሩ አላለቀም።

በሁለት ካርድ አደርገዋለሁ። ለምን እንደሆነ እናቴን ስጠይቃት ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች።

የምታከብርዎት ሚጢጢ


ኅዳር 26 ቀን

ለሚጢጢ፣

ስምንት መስመር ነው የጻፍሽልኝ። ሰላምታው ተጨምሮ ስምንት። ሁለቱ ስለ ብርዱ ናቸው፣ አንዱ «ሰርጉ በሰላም አለቀ» ይላል። በሰላም ያለቀ ሰርግ እኔም አይቻለሁ፤ እኔ የምጠብቀው ፎቶውን ነው። ከፖስታው ውስጥ ይወድቅ ይሆን ብዬ አራግፌዋለሁ። ቢያንስ ስለ አክስቲቱ ንገሪኝ እንጂ፣ እንዲያው ዝም ይባላል?

ይሁን፣ ደክሞሽ ነው ብዬ ተውኩት። በስምንቱ መስመር መሃል ሁለት ጥያቄ ጣል አድርገሻል፤ የቀለለውን አስቀድማለሁ።

ፊቱን የማይወድ ሰው ሲመጣ ምን ይደረጋል ላልሽው፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ መጡ። ልጆቻቸው አስገድደው ነው የላኳቸው። ገና ሳይቀመጡ «ፊቴ ጠማማ ነው፣ ቶሎ ጨርሰው» አሉኝ። ጠማማ አይደለም፤ ግራ ዓይናቸው ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። ይህ እንደ እኔ ላለ ሰው ቁርስ ነው። ትንሿን ዓይን ወደ ካሜራው አቀረብኳት፤ ቅርብ ያለ ነገር ትልቅ ስለሚመስል ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ትከሻቸውን ወደ መስኮቱ አዙሬ ፊታቸውን ብቻ ወደ እኔ መለስኩ። ቀጥሎ እጃቸው አስቸገረ። ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እጁ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቢያደርገው ይከብደዋል፣ ኪሱ ቢከተው ያፍራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚይዘው ነገር ስጪው። መነጽራቸውን አስወልቄ አንድ ጊዜ ይጥረጉት አልኳቸው። ሲጠርጉ ዳኛነታቸውን ረሱት። ፎቶውን ባዩ ጊዜ «ይህ ሰውዬ ደህና ሰው ይመስላል» አሉ። ሰባት ኮፒ ወሰዱ።

መቼም ሁሉም ነገር ይሳካልኛል፤ አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ለእናትሽ እንዳታነቢላት። መጻፍ ሳልችል የደንበኞቼን ኔጋቲቭ በየፖስታው ከትቼ ላዩ ላይ ምልክት እስል ነበር። ጆሮው ትልቅ ለሆነው ዳቦ ጋጋሪ ባለ ሁለት እጀታ ድስት፣ ለቀጭኗ አስተማሪ መርፌ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። አሁን ፊደል ቆጥሬያለሁ ብዬ ልብስ ሰፊው ጽፎልኝ በየፖስታው ካኖርኳቸው ደረሰኞች ስማቸውን እየገለበጥኩ በአዲስ ፖስታ አዘዋወርኳቸው፤ ድስቱንም መርፌውንም ጣልኩ። ትናንት ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ የሰርጉን ፎቶ ድገምልኝ አለኝ። ስሙን ከየት ልወቀው? ሃያ ዓመት በሰላምታ ስንተላለፍ ለእኔ ድስት ነው። ስምህ ማነው ብዬ እንዳልጠይቀው አፈርኩ። ነገ ተመለስ ብዬዋለሁ፤ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አራት መቶ ፖስታ ልከፍት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ «ከዚህ ሌላ ሥራ ለመሥራት አስበው ያውቃሉ?» የሚል ነው። አላውቅም። አንቺ ግን ለምን ጠየቅሽኝ? የመጀመሪያ ሰርጉን በሰላም ያነሳ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም። ስለ ብርዱ ሳትጽፊ መልሺልኝ።

ጋሽ ፍላሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለጋሼ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ ብርዱ ስጽፍ ራሴን አገኘሁት።

አክስቲቱ እርስዎ እንዳሉት ናት፤ ሰውን እንደ ወታደር አሰለፈችልኝ። ግቢው ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ከምግብ በፊት አንስቼ ጨረስኩ። የሙሽራዋን አባት ብቻውን ከእሷ ጋር አሥራ ሰባት ጊዜ አነሳኋቸው። የግቢውን በአንድ ካርድ፣ የአዳራሹን፣ ቀለበቱን፣ ኬኩንና ጭፈራውን በሌላው አደረግሁ። ሁለቱንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ማለቴ፣ የገለበጥኩ መሰለኝ።

ጋሼ፣ አንዱን ካርድ ነው ሁለት ጊዜ የገለበጥኩት። የአዳራሹን። ሰኞ ጠዋት ስልሳ ተማሪ ለፈተና ፎርም ጉርድ ፎቶ ሊነሳ በሬ ላይ ተሰልፏል። ካሜራው ካርዱ ሞልቷል አለኝ። እኔም ተገልብጧል ብዬ ሁሉንም አጠፋሁና ማንሳት ጀመርኩ። በግቢው ላይ፣ በሙሽራዋ አባት ላይ፣ ስልሳ ተማሪ ተነሳበት። ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰው ሁለት ቀን ታገለ። ያወጣልኝ የአንድ ተማሪ ጆሮና የአክስቲቱን ባርኔጣ ግማሽ ነው።

ሙሽራዋ በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቀኛለች። አልበሙ ማተሚያ ቤት ነው እላታለሁ። ባለፈው ሐሙስ መስኮቴ ላይ ቆማ «አባቴ በስልክ ፎቶዬ አምሯል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ምን ልበለው?» አለችኝ። አምሯል በዪው አልኳት። ከዚያ በኋላ እንቅልፌን ተዉት፣ ጉርድ ፎቶ እንኳ ሳነሳ የሰው ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ የሚያደርገው ሰውዬ ክፍሉን ሊያሰፋ ይፈልጋል፤ ካሜራውንም ለልጁ ይፈልገዋል። ጥር ሲያልቅ ሊረከበኝ ተስማምተናል። እኔ ወደ ድሮ ቦታዬ፣ የሕንጻ ዕቃ መደብሩ ገንዘብ ተቀባይነት እመለሳለሁ። ምስማር ሲጠፋ ሌላ ምስማር አለ። ለእናቴና ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ለሙሽራዋም እንዴት እንደምነግራት አላውቅም፤ ምናልባት ቦታውን ለቅቄ ከሄድኩ በኋላ እጽፍላት ይሆናል።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌ ነበር። አፍራለሁ።

ሚጢጢ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ሚጢጢ፣

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጉራ የለም። ካገኘሽ በስህተት ያመለጠኝ ነው፣ ዝለዪው።

የመጀመሪያ ሰርጌን እንዴት እንዳነሳሁ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም እንዳትጠይቂኝ ብዙ ጊዜ ሌላ ሌላውን አውርቻለሁ። የመጀመሪያ ሰርጌ የእናትሽና የአባትሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት ካሜራውን አንጠልጥሎ ሲሰጠኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የተቀበልኩት። እጄ አይንቀጠቀጥም ያልኩሽን ተይው።

በድሮው ካሜራ ፊልሙን ስታስገቢ ጫፉን ጥርስ ያለው ዘንግ ላይ ማስያዝ አለብሽ። ካልያዘ፣ ማንሻውን ብትስቢው ይሳባል፣ ብትጫኚው ቀጭ ይላል፣ ቁጥሩም ይቆጥራል፤ ፊልሙ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው የሚያነሳው። እኔ ሠላሳ ስድስትን አልፌ አርባ ሦስት ደረስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠር ነበር። እኔ ግን ቆጥቤ ስለማነሳ የተረፈኝ መሰለኝ፤ ለሚዜዎቹም እንደዚያው ብዬ ነገርኳቸው። አርባ ሰባት ላይ እጄ ስለደከመ አቆምኩ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ሳጥበው ፊልሙ እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ብሎ ወጣ። የእህቴ ሰርግ ከዳር እስከ ዳር ምንም የለበትም።

ዘጠኝ ቀን ዋሸሁ። መድኃኒቱ አልቋል አልኩ፣ ወረቀቱ ከውጭ እስኪመጣ አልኩ። አባትሽን መንገድ ላይ ሳየው ወደ ሌላ ሱቅ እገባ ነበር። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ በር ማጠፊያ ላላና ባለቤቱ አናጢ ጠራ። የመጣው አባትሽ ነው። እሱ በሩን ሲጠግን እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ። በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገ ሞከረው፤ እኔም አብሬው ከፈት ዘጋ አልኩ። እንዳየኝ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ እናትሽ መጣች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ወንድሜ፣ ፎቶው የለም አይደል?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀና ብላ «የሰርጉ ዕለት ጫማዬ እየጠበበኝ ስድስት ሰዓት ነው የቆምኩት። አሁን በነጠላ ጫማ እነሳለሁ። ሂድ ባሌን ጥራልኝ» አለችኝ።

ቬሎው የተዋሰችው ስለነበር ለባለቤቱ ተመልሷል። ነጭ ሸሚዝ ለበሰች። ለዓይነ ርግብ የፎቶ ቤቱን የመስኮት መጋረጃ አወረድን። አባትሽ የሥራ ሱሪው ላይ የእኔን ኮት ደረበ፤ እጁ ላይ ሙጫ ነበር። ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ሄደሽ እዪው። ለምን ከወገብ በታች እንደሌለው ገባሽ? ከወገብ በታች ነጠላ ጫማና ሙጫ ነው። የዓይነ ርግቡን ጠርዝ በደንብ ተመልከቺ፤ ሦስት የመጋረጃ ቀለበት ተሰክቶበታል። እናትሽ እንደዚያ የምትስቀው በሰርጓ ቀን ተደስታ አይደለም። አባትሽ «በሩ ጠበቀ ወይስ ዛሬም ይላላል?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው።

የአንድ ሰርግ ፎቶ ለሁለት ይከፈል ያልኩሽ ከዚያ የተማርኩትን ነው። ምክሬን ስትቀበዪ ከየት እንዳመጣሁት ብነግርሽ ኖሮ ይህን ወር ብቻሽን ባልተሸከምሽው ነበር። በዚህ እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ስሚኝ። እሷ ወደ አንቺ ሳትመጣ አንቺ ሂጂ። ተቀመጪ ሳትልሽ፣ ቆመሽ፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ንገሪያት። ስለ ስልሳው ተማሪና ስለ ኮምፒውተሩ አታውሪ፤ ጥፋቱን ለካርዱ አትስጪው። ደግሜ ላንሳችሁ በያት። ትቆጣለች፣ ትቆጣ። ከጸጸት ብዛት እንዳታለቅሺባት ደግሞ፤ ያኔ እሷ አንቺን ልታባብል ነው፣ ያም ሌላ በደል ነው። ካሜራውን ለፎቶ ኮፒው ሰውዬ መስጠት ከፈለግሽ ስጪ፤ መጀመሪያ ግን ይህን ጨርሺ።

እናትሽን ከእኔ ይልቅ አንቺ ሳሚያት፤ እኔ ይህን ካወጣሁ በኋላ አፍራለሁ።

አጎትሽ


ጥር 11 ቀን

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ ወንበር ላይ ወጥቼ የሳሎኑን ፎቶ አወረድኩት። ቀለበቶቹን ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ተናገረ እንዴ?» አለች። ምስጢሩን የጠበቀችልዎት ሰው ፊት መኩራራት ስለሚከብድዎት ነው፣ በየዓመቱ ሲመጡ ሦስት ቀን ብቻ የሚቀመጡት፣ ይላል አባቴ። እናቴ ግን አሁን ቀለል ብሎት ሳምንት ይቀመጣል ብላ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙራልዎታለች።

ሄጄ ለሙሽራዋ ነገርኳት። ቆሜ፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። አላለቀስኩም። እርስዎ እንዳሉኝ ግማሽ ትንፋሼን አውጥቼ ያዝኩት።

ሙሽራዋ ብዙ አልጮኸችም። «የፎቶው መጥፋት አይደለም። በየሳምንቱ ፊቴን እያየሽ ስትዋሺኝ ነው የከረምሽው» አለች። ልክ ናት አልኳት። በሩን ዘጋችብኝ። አራት ቀን ምንም አልሰማሁም፤ በአምስተኛው ቀን ሙሽራው ደውሎ አባቷ ማክሰኞ በከተማችን ዳር እንደሚያልፍ፣ ጭነት ስለያዘ አርባ ደቂቃ ብቻ እንዳለው፣ መምጣት ከፈለግሁ መምጣት እንደምችል ነገረኝ። እሷ እንደማታነጋግረኝም ጨመረልኝ።

ከነዳጅ ማደያው ጎን መኪኖች የሚያርፉበት ሜዳ ላይ ተገናኘን። ነፋስ ነበር። ቬሎዋ ላይ የእናቷን ሹራብ ደርባለች። ሙሽራው ከሥራ ስለመጣ ቀበቶው ላይ ፕላየር ተንጠልጥሏል። አባቷ ጋቢናው ስር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ሲያየኝ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። በሰርጉ ዕለት አሥራ ሰባት ጊዜ አንስቼው ሳለ የትኛውም ላይ አባቷ አልነበረም፤ የሰው ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ነበር። ይህን ያወቅሁት እዚያ ሜዳ ላይ ስቆም ነው። በነዚያ አርባ ደቂቃዎች ብዙ አላነሳሁም፤ ስድስት ብቻ። እጄ እንዴት እንደነበር አላስታውስም።

ማታውኑ በሁለት ቦታ ገለብጬ፣ አንድ በአንድ ከፍቼ አይቼ፣ በማግስቱ አትሜ ወሰድኩላት። በሩ ላይ ቆማ አየችው። ገብተሽ ተቀመጪ አለችኝ። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ።

አንዱን ልኬልዎታለሁ። የጥር መጨረሻ ሩቅ አይደለም፤ የፎቶ ኮፒው ሰውዬ ትናንት ሜትር ይዞ ግድግዳዬን ሲለካ ነበር። ይዩትና እውነቱን ይንገሩኝ። አጎት ሆነው ሳይሆን እንደ ፎቶ አንሺ። ይህ ሥራ የእኔ ነው ወይስ አይደለም? የሚያባብል ቃል ከጻፉልኝ አውቅብዎታለሁ።

ሚጢጢ


ጥር 18 ቀን

ለሚጢጢ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ በእናንተ በኩል ለሚያልፍ የአውቶቡስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ቀኑ እንዳያልፍብሽ ነው።

እንደ ፎቶ አንሺ እይልኝ ብለሻል። እሺ። ማጉያ መስታወቴን ይዤ መስኮቱ ስር ተቀመጥኩና ስህተት ፍለጋ ገባሁ። ሁለት አገኘሁ። የሰውዬው ኮፍያ ግራ ቅንድቡ ላይ ጥላ ጥሏል። የመኪናው የጎን መስታወት ጫፉ ተቆርጧል። ሦስተኛ ለማግኘት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈለግሁ፤ ደንበኛ ሁለት ጊዜ አስጠበቅሁ። የለም።

ልጅቷ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች፣ ሹራቧ እጅጌው ረዝሞባት። አባቷ መወጣጫው ላይ ቆሞ በመስኮቱ ጎንበስ ብሏል። ካሜራ እንዳለ ረስቷል። ልጁን የሚያይበትን ዓይን፣ ሚጢጢ፣ እኔ በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ያገኘሁት፤ ያኔም በአጋጣሚ ነው።

በመስኮቴ ላይ ለመንገደኛ የማሳየው አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። አሥራ አንድ ዓመት የእኔን መንታ ሙሽሮች ሰቅዬበት ነበር። ሰኞ ጠዋት አወረድኩና ያንቺን አስፍቼ ሰቀልኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጫማ ሰሪው ገብቶ ይህን ማን አነሳው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ምን ታደርጊኛለሽ፣ አፌ ለምዶት ነው። ቀጥሎ የባንኩ ዘበኛ ጠየቀኝ። ለእሱም እኔ ነኝ አልኩት፤ እንዲያውም ነፋሱ እንዴት እንዳስቸገረኝ ጨመርኩለት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጨርቅ የምትሸጥ ሴትዮ መጣች። እንደ ሌሎቹ ማን አነሳው አላለችም። ከመስኮቱ ውጭ ቆመች፣ ገባች፣ ደግሞ ወጥታ አየችው። ከዚያ «ጋሽ ፍላሽ፣ እኔም ለአባቴ እንዲህ ያለ ፎቶ እፈልጋለሁ። ይህን ሰውዬ ምን ብለኸው ነው ልጁን እንዲህ ያያት?» አለችኝ።

ደብዳቤሽን አወጣሁና ከሴትዮዋ ፊት እንደገና አነበብኩት፤ ነፋሱ አለ፣ ፕላየሩ አለ፣ ያልሽው ነገር ግን የለም። እኔ ልለው የምችለውን ሁሉ በሐሳቤ ሞከርኩት፤ አንዱም ያን ዓይን አያመጣም።

ሴትዮዋን ቁጭ በዪ አልኳት። ካርቶን ቆረጥኩ፣ ከፎቶው ስር «ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። መጀመሪያ «የጋሽ ፍላሽ ተማሪ» ልል ነበር፤ ቦታ አልበቃኝም ብዬ ተውኩት። ቦታ ነበረ። ጫማ ሰሪውንና ዘበኛውን ደግሞ ጠርቼ አስነበብኳቸው። ጫማ ሰሪው እስከ አሁን ይስቅብኛል።

ለፎቶ ኮፒው ሰውዬ ሜትሩን አጥፎ ግድግዳውን እንዲተውልሽ ንገሪው። እምቢ ካለ እኔ መጥቼ እነግረዋለሁ፤ አልጋው ወደ መስኮት ዞሯል ብለሽኛል።

ሴትዮዋ አርብ አባቷን ይዛ ትመጣለች። እስከዚያ መልሺልኝ እባክሽ፣ ሰውዬውን ምን አልሽው?

አጎትሽ